ጥያቄና መልስ፦ ፈጣኗ ጀልባ ማንን ትጠቅማለች? ማንንስ ትጎዳለች?

ባለፈው እትም አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ከብሬመርተን ወደ ሲያትል ስለምትመላለሰው ፈጣን የመንገደኛ ጀልባ ሁለት መስመር ብቻ ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን የዚህን እትም ገጽ በሙሉ ይዞታል። በጣም ደስ ብሎኛል። ወጣት ሳለሁ ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበርኩ። ዛሬ የምኖረው ሲያትል አካባቢ ነው። የሞተር ድምፅና የባሕር ሽታ ግን ከውስጤ አልወጣም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ ከልቤ ነው የመለስኩት። ነገሩ የአሜሪካ ስለሆነ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ ስለ ጣና ሳወራ ብቻ ወደ እኛው እመለሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የቤት ኪራይ ይሻላል ብለን ከሲያትል ወደ ብሬመርተን ከገባን ብዙ አልቆየንም። የምሠራው ሲያትል ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ጠዋት በጊዜ መግባት አለብኝ። ባለቤቴ «ፈጣኗን ያዢ፣ ግማሽ ሰዓት ታተርፊያለሽ» ይለኛል። እኔ ደግሞ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ትንሽ ነገር ያጥወለውለኛል። የትኛው ይሻለኛል? — ከብሬመርተን

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

ባለቤትሽ ስለ ሰዓቱ ልክ ነው። ትልቁ የግዛቱ ፌሪ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፈጣኗ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ሁለቱም ሲያትል የሚያወርዱሽ ጎን ለጎን ነው፤ ትልቁ ፒር 52፣ ትንሿ ፒር 50። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ለሁለቱም እኩል ነው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ትልቁ ፌሪ መኪና ይጭናል፣ ከሺህ ሰው በላይ ይይዛል፣ ሽንት ቤቱም ሰፊ ነው። ተነስተሽ ትንቀሳቀሻለሽ፣ ሻይ ትገዢያለሽ፣ ወንበር ላይ ጋደም ትያለሽ። ፈጣኖቹ፣ እነ ሪች ፓሴጅ 1፣ የሚይዙት 118 ሰው ነው። መኪና የለም። ከተቀመጥሽ ተቀመጥሽ ነው። ለነፍሰ ጡር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ማጥወልወሉ ብዙ ሰው የሚያስበው «ትልቅ ከሆነ አያወዛውዝም» ብሎ ነው። ለአንቺ ዋናው ጉዳይ ግን የእንቅስቃሴው ዓይነት ነው። ትልቁ መርከብ ሲንቀሳቀስ ቀስ ብሎ ነው። ፈጣኗ ባለ ሁለት አካል ናት፤ ወደ ጎን ብዙ አትጋደልም፤ ነፋስ ባለበት ቀን ግን ፈጠን ፈጠን ያለ ነቅነቅታ አላት። አንዳንዱን ሰው የሚያጥወለውለው ቀስ ያለው ነው፣ አንዳንዱን ደግሞ ፈጣኑ። የአንቺን የምታውቂው ሞክረሽ ነው። የምታቋርጪው ባሕር፣ ፑጀት ሳውንድ፣ በየብስ የተከበበ ስለሆነ አብዛኛው ቀን ውሃው ጸጥ ያለ ነው። የሚያስቸግረው በብርዱ ወራት ከደቡብ የሚነሳው ነፋስ ነው።

ፈጣኗን ከያዝሽ ከመሃል ወደ ኋላ ባለው ወንበር ተቀመጪ። ከፊት መንጠሩ ይበዛል። ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ አድርጊና በመስኮቱ ሩቅ ያለውን ዳርቻ እያየሽ ሂጂ። በባዶ ሆድ አትሳፈሪ፤ ደረቅ ዳቦ ቅመሺ። ዝንጅብል ብዙ ሰው ይረዳል። የማጥወልወል ክኒን ግን ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳትውጪ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በትልቁ ፌሪ እግረኛ ወደ ሲያትል ሲሄድ አይከፍልም። የሚከፍለው ከሲያትል ሲመለስ ብቻ ነው። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ በሙሉ በነፃ ነው የሚሳፈረው፤ ልጅሽ ሲያድግ ይጠቅምሻል። ፈጣኗ በ2017 ሥራ ስትጀምር ወደ ሲያትል 2 ዶላር፣ መልሱ 10 ዶላር ነበር። ታሪፍ ስለሚቀያየር የዛሬውን ፈጣኗን ከሚያስኬደው መሥሪያ ቤት፣ ከኪትሳፕ ትራንዚት፣ አረጋግጪ። ሆስፒታልሽ ለሠራተኛ የኦርካ ካርድ (የአውቶቡስና የጀልባ መክፈያ) ይሰጥ እንደሆነም ጠይቂ፤ ትልልቅ ቀጣሪዎች ብዙዎቹ ይሰጣሉ።

የእኔ ምክር ይኸውልሽ። እስክትወልጂ ድረስ ጠዋት ሰዓት ሲያጥርሽ ፈጣኗን ያዢ፣ ማታ ደክሞሽ ስትመለሺ ትልቁን። ነፋስ በሚበረታበት ቀን ፈጣኗ ልትሰረዝ ስለምትችል የትልቁን ሰዓት ሁልጊዜ በእጅሽ ያዢ። አለቃሽንም አስቀድመሽ አሳውቂ።

ጥያቄ፦ ጀልባዋ ለምን ሁለት ሆድ አላት? አንድ አይበቃትም ወይ? (የ10 ዓመቱ ልጄ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው።) — ከሬንተን

መልስ፦ ጎበዝ! ገንዳ ውስጥ ገብተህ ሞክረው። መዳፍህን ዘርግተህ ውሃውን ግፋ። ከዚያ እጅህን በጎኑ አዙረህ እንደገና ግፋ። በጎኑ ሲሆን ቀለለህ አይደል? ቀጭን ነገር ውሃውን ሰንጥቆ ያልፋል። ሰፊ ነገር ግን ውሃውን ገፍቶ ክምር ያደርገዋል። ያ ክምር ነው ሞገድ የሚሆነው፤ እሱን ለመግፋትም ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል።

ግን ቀጭን ጀልባ ብቻዋን ብትሆን ትገለበጣለች። ስለዚህ ሁለት ቀጫጭን አካሎችን አራርቀው በላያቸው አንድ ቤት ይሠራሉ። እግርህን ከፈት አድርገህ ስትቆም ማንም በቀላሉ አይገፈትርህም፤ እንደዚያ ነው። እንዲህ ያለችውን ጀልባ ካታማራን ይሏታል። የብሬመርተኗ ደግሞ በሁለቱ አካሎች መሃል፣ ከውሃው ሥር፣ ክንፍ አላት። ፍጥነት ስትጨምር ክንፉ ጀልባዋን ወደ ላይ ከፍ ያደርጋታል። ውሃ የሚነካው አካሏ ይቀንሳል። ከኋላም ፕሮፔለር የለም፤ ውሃ ከሥር ስባ በኃይል ወደ ኋላ ትተፋለች፤ ይሄ ዋተር ጄት ይባላል። አባትህ አንድ ቀን ይዞህ ይሂድ። ከኋላ ቆመህ ውሃው ሲወጣ እይ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። እኔ ሲያትል ከመጣሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብሬመርተን እየኖርኩ ሲያትል ፓርኪንግ ውስጥ እሠራ ነበር። ያኔ ቺኑክ የምትባል ፈጣን ጀልባ ነበረች፤ በግማሽ ሰዓት ታደርሰን ነበር። ከዚያ ባሕር ዳርቻ ቤት ያላቸው ሀብታሞች ከሰሱ ተባለ። ጀልባዋ ቀዘቀዘች፣ በኋላም ጨርሳ ቀረች። ለእነሱ ጠጠርና አሸዋ ሲባል የእኛ ሰዓት ተወሰደ። ዛሬ አዲሷ ጀልባ እንደልቧ ስትበር ሳይ ይቆጨኛል። ይሄ ፍትሕ ነው? — ከሲያትል

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጭትዎ ይገባኛል። በቀን አንድ ሰዓት ማለት ከልጅ ጋር እራት መብላትና አለመብላት ነው። ታሪኩ ግን ከሰሙት ትንሽ ይሰፋል። ታገሱኝና ከሥሩ ልንገርዎ።

ቺኑክ ሥራ የጀመረችው በ1998 ነው። አናኮርተስ በሚገኘው ዳኮታ ክሪክ የመርከብ መሥሪያ የተሠራች፣ 350 ሰው የምትይዝ ነበረች። እህቷ ስኖሆሚሽ በ1999 ተከተለች። ችግሩ የመጣው መንገዳቸው ላይ ነው። ከብሬመርተን ወደ ሲያትል ለመውጣት ሪች ፓሴጅ በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ማለፍ ግድ ነው። በአንድ በኩል ቤይንብሪጅ ደሴት፣ በሌላው የኪትሳፕ ምድር። ቤቶቹ ከውሃው ጫፍ ላይ ናቸው።

አሁን ሞገዱን እንይ። ነፋስ የሚያነሳው ሞገድና ጀልባ የሚያነሳው ሞገድ አንድ አይደሉም። እንደ ሪች ፓሴጅ ባለ የተጠለለ ቦታ የነፋሱ ሞገድ አጭርና ደካማ ነው። ዳርቻው ለብዙ ዘመን የተደላደለው ለእሱ ነው። ትልቅ ፈጣን ጀልባ የምታነሳው ሞገድ ግን ረጅም ነው። መሃል ላይ ሲታይ ምንም አይመስልም። ጥልቀቱ ሲያንስ ግን ቀና ይልና ጉልበቱን በሙሉ ዳርቻው ላይ ያራግፋል፤ ሲመለስም ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል። በቀን ብዙ ጊዜ፣ በየቀኑ። የቤቶቹ መከላከያ ግንብ ሥሩ እየተሸረሸረ የሚጋለጠው እንዲህ ነው።

ይሄን በዓይኔ ስላየሁት ነው የማምነው። ምፅዋ ላይ ፈጣን የጦር ጀልባዎች ነበሩን። ወደ ወደቡ ሲቃረቡ ፍጥነት ይቀንሱ ነበር። ያልቀነሰ እንደሆነ ዳር ላይ የታሰሩት የዓሣ አጥማጆች ሳንቡኮች እርስ በርስ ይላተማሉ። የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ደግሞ ቤቱም ምግቡም ናት። ባሕር ላይ ፍጥነት ኋላው የሚቀረውን ሰው ይነካል። ያ ሰው ሀብታም ቢሆን ድሃ ቢሆን ሞገዱ አይለይም።

የዳርቻው ነዋሪዎች በ1999 ከሰሱ። ከክርክራቸው ዋናው የአካባቢ ጥናት ሳይደረግ ነው ጀልባዋ የገባችው የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የታችኛው ፍርድ ቤት ጀልባዋ በሪች ፓሴጅ ፍጥነት እንድትቀንስ አዘዘ። አሁን የሚነግሩዎት ሰዎች የማይጠቅሱትን ልንገርዎ። በ2000 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን እግድ ሽሮታል። ምክንያቱም የታችኛው ዳኛ የሕዝቡን ጥቅም፣ ማለትም የእርስዎን ዓይነቱን መንገደኛ ጥቅም፣ በሚዛኑ ላይ አላስቀመጠም የሚል ነበር። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ረስቶዎት አልነበረም።

ታዲያ ምን ገደላት? አንዱ ሞገዱ ራሱ ነው። እግዱ ቢነሳም ጉዳቱ እውነተኛ ስለነበር ጀልባዎቹ እንደ ቀድሞው ሊበሩ አልቻሉም። ሌላው ገንዘብ ነው። በኅዳር 1999 የግዛቱ መራጭ የመኪና ታርጋ ክፍያን ወደ 30 ዶላር ለማውረድ ድምፅ ሰጠ። ኢኒሼቲቭ 695 ይባል ነበር። ሕጉን ፍርድ ቤት ቢሽረውም የግዛቱ ምክር ቤት ክፍያውን አወረደው። ፌሪዎቹ ከዚያ ታክስ ብዙ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ቀርፋፋ የሆነች ፈጣን ጀልባ፣ በጀት በሌለበት፣ ስንት ዓመት ትቆማለች? በ2003 መኪና የማይጭነው የብሬመርተን መስመር ተዘጋ። ሁለቱን ጀልባዎች በ2009 ጎልደን ጌት ፌሪ ገዛቸው። አሁን ጎልደን ጌት እና ናፓ ተብለው ሳንፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ይሠራሉ። እዚያ ሲሄዱ ጎልደን ጌትን ካዩ የድሮ ወዳጅዎ ቺኑክ ናት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እኔን የሚያኮራኝ። ኪትሳፕ ትራንዚትና ተመራማሪዎች «ፈጣን ጀልባ ወይስ ዳርቻ» የሚለውን ክርክር ትተው «ዳርቻውን የማትጎዳ ፈጣን ጀልባ ትሠራለች ወይ?» ብለው ጠየቁ። ለዓመታት ዳርቻውን ለኩ። የትኛው ሞገድ የትኛውን ጠጠር እንደሚያነሳ መዘገቡ። ክንፍ ያላት ጀልባ አምጥተው ሞከሩ። ከዚያ በልኩ አዲስ አሠሩ፤ ንድፉ ቴክኒክራፍት ከሚባል የኒውዚላንድ ድርጅት፣ ሥራው ቤሊንግሃም ውስጥ ኦል አሜሪካን ማሪን። ስሟን በመተላለፊያው ስም ሪች ፓሴጅ 1 አሏት። ከታች አልሙኒየም፣ የላይኛው ቤት ካርቦን ፋይበር። ክብደት ሲቀንስ ሞገድ ይቀንሳል፤ ሚስጥሩ ግማሹ እዚያ ላይ ነው።

በ2012 ሰው ጭና ለወራት በሙከራ ስትመላለስ ዳርቻው ጎን ለጎን ይለካ ነበር። በኅዳር 2016 የኪትሳፕ ነዋሪ በጠባብ ልዩነት የ0.3 በመቶ የሽያጭ ታክስ አጸደቀ። ማለት በ10 ዶላር ግዢ 3 ሳንቲም። ሐምሌ 10 ቀን 2017 መደበኛ ሥራ ጀመረች። በ2019 ሪላያንስና ሌዲ ስዊፍት የሚባሉ እህቶቿ ተጨመሩ።

«እንደልቧ ስትበር» ያሉት ላይ አንድ ነገር ላብራራ። ቁጭትዎን ትንሽ ይቀንሰው ይሆናል። ጀልባ ፍጥነት ስትጨምር ሞገዷ እያደገ ይሄዳል። መሃል ላይ አንድ ፍጥነት አለ፤ የራሷን ሞገድ ዳገት የምትወጣበት። በጣም የሚጎዳው ያ ነው። ያንን አልፋ ክንፏ ሲይዝ ግን ከውሃው ብድግ ትልና ሞገዱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ይቺ ጀልባ ሪች ፓሴጅን ስታልፍ ከ35 ኖት በላይ፣ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ይዛ መሄድ አለባት። ብትቀንስ ነው የምትጎዳው! ዳርቻ ላይ ያለው ሰው ስትበር ቢያይ የሚጠበቅለት እንደዚያ ነው።

ፍትሕ ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ቤት ያላቸው ሰዎች የመክሰስ መብት ነበራቸው፤ ግንባቸው እየፈረሰ ነበር። እርስዎም በግማሽ ሰዓት ሥራ የመድረስ መብት ነበረዎት። ጥፋቱ መጀመሪያ መለካት የነበረበት ሳይለካ ጀልባ መግባቱ ነው። የዚያን ዋጋ ከ2003 እስከ 2017 የከፈለው ሠራተኛው ነው። በመሃል የግል ድርጅቶች ሞክረው ነበር፤ አልዘለቁም። አሥራ አራት ዓመት! ያ ዕዳ ለእርስዎ አልተከፈለም። ይሄን በሌላ ቃል ላለሰልሰው አልችልም።

ትልቁ ፌሪም ቢሆን በሠራተኛ እጥረት ከ2021 መገባደጃ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ በብሬመርተን መስመር በአንድ መርከብ ብቻ ሲሠራ ቆይቷል። ያኔ ፈጣኗ ባትኖር ኖሮ የብሬመርተን ሰው ምን ይውጠው ነበር? እያልኩ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 23 ዓመቴ ነው። መጋዘን ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ዜግነት ገና ነው። በፌሪ መሥራት እችላለሁ? ዋና አልችልም፤ እሱስ ችግር አለው? — ከታኮማ

መልስ፦ ትችላለህ ልጄ። የእኛ ልጆች ወደዚህ ሥራ ቢገቡ እንዴት ደስ ባለኝ! ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ማኅበር አለው፣ ጡረታ አለው፣ እድገት አለው።

ሁለት ነገር ያስፈልግሃል። አንደኛው ትዊክ ካርድ፣ ማለትም የወደብና የመርከብ ሠራተኛ መታወቂያ ነው። የሚሰጠው የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ቲ.ኤስ.ኤ. ነው፤ አሻራ ትሰጣለህ፣ ታሪክህ ይጣራል፣ አምስት ዓመት ያገለግላል። ሁለተኛው የኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂው) የመርከበኛ ሰነድ ነው። የጤና ምርመራና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አለው። የመጀመሪያው፣ ዝቅተኛው እርከን «ኦርዲናሪ ሲማን» ይባላል፤ የባሕር ልምድ አይጠይቅም። በትልልቆቹ የግዛት ፌሪዎች ላይ እሱን ይጠይቃሉ። በትንንሾቹ የመንገደኛ ጀልባዎች ላይ እንደ ቀጣሪው ነው፤ ማስታወቂያውን ደህና አድርገህ አንብብ።

ግሪን ካርድህ ለዚህ ይበቃል። ካፒቴን ወይም የሞተር መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ግድ ነው። ስለዚህ አሁን ግባና ሰዓትህን ማጠራቀም ጀምር። ባሕር ላይ የሠራኸው ቀን ሁሉ ይቆጠርልሃል። ዜግነቱ ሲመጣ ፈተናውን ትወስዳለህ። በሞተር በኩል ከፈለግህ ሲያትል ባላርድ ሰፈር የሚገኘው ሲያትል ማሪታይም አካዳሚ ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ጠይቅ። እኔ ሞተር ክፍሉን ነው የምመርጥልህ፤ እጅህ ሙያ ይይዛል።

መጀመሪያ የሚሰጥህ ሥራ «ተጠባባቂ» ነው። ስልክ ይደወላል፣ ትሄዳለህ። አንድ ቀን ብሬመርተን፣ ሌላ ቀን ሌላ ወደብ። መኪና ያስፈልግሃል፤ ትዕግሥትም። መጋዘኑን በአንድ ጊዜ አትልቀቅ፣ ገቢህ እስኪረጋ።

ዋናን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ እንደ ቅጥር መስፈርት አይጠየቅም። እኔ ግን እለምንሃለሁ፣ ተማር። የፑጀት ሳውንድ ውሃ በብርዱ ወራት 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ በሙቀቱ ወራትም ብዙ አይሞቅም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው። ዋናተኛም ቢሆን። ስለዚህ ዳር ላይ ስትሠራ የሕይወት ጃኬትህን አታውልቅ፤ የሥራ ባልደረቦችህ ቢያወልቁም። በየሰፈሩ ያለው ዋይ.ኤም.ሲ.ኤ. አዋቂዎችን ያስተምራል። አትፈር፤ ከጎንህ የሚማሩት ብዙዎቹ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ ጋሼ። ባሕር ዳር ጀልባ ነው የምነዳው፤ እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ አመላልሳለሁ። ጣናነሽ 2 ከመጣች ወዲህ ሁሉም ሰው ስለ ጀልባ ነው የሚያወራው። እርስዎ የጻፉላት ዓይነት ባለ ሁለት አካል ፈጣን ጀልባ ጣና ላይ ትሆናለች? ጎርጎራ በስንት ሰዓት ታደርሰን ነበር? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጥያቄህ ልቤን ነው የነካው። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ ተነስታ በመኪና ተጭና ስትጓዝ የነበረውን ቪዲዮ እኛም እዚህ ሆነን ስንከታተል ነበር። መንገዱ ሲጠብ፣ ዳገቱ ሲከብድ፣ ሕዝቡ ዳር ቆሞ ሲያጨበጭብ።

ሰዓቱን አስበህ ከሆነ፣ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ ሐይቁን ከደቡብ ወደ ሰሜን በአንድ ሰዓት ከምናምን ትጨርሰዋለች። ጣና በረጅሙ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያጓጓል። ለታመመ ሰው፣ ለወላድ፣ ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው። እኔም እመኛለሁ።

ግን ጣና ፑጀት ሳውንድ አይደለም። መጀመሪያ ከፍታው። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ሞተር ደግሞ አየር ይበላል። ተርቦ ያለው ሞተር ብዙውን ያካክሳል፤ ቢሆንም ፑጀት ሳውንድ ላይ 35 ኖት የምትሄድ ጀልባ ጣና ላይ ያንኑ ትሄዳለች ብለህ አትቁጠር።

ሁለተኛውና ከባዱ ጥልቀቱ ነው። የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ከ8 እስከ 9 ሜትር። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሞገድ ጠባዩን ይለውጣል። ጀልባ የራሷን ሞገድ ፍጥነት ስትደርስበት ሞገዱ በአንድ ላይ ይከማችና ከሁሉ የከፋው ይነሳል። 8 ሜትር ጥልቀት ላይ ያ ፍጥነት በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየህ፣ ፈጣን ጀልባ ከባሕር ዳር ስትነሳና ስትደርስ ያንን ፍጥነት ማለፏ አይቀርም። የት ላይ ነው የምታልፈው? ከዳርቻው ምን ያህል ርቃ? ይሄ ወረቀት ላይ መሠራት ያለበት ጀልባ ከመግዛት በፊት ነው።

ምክንያቱም ዳርቻው ላይ ያለውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ደንገሉ አለ። በደንገል ታንኳ እንጨትና ዓሣ ጭኖ የሚቀዝፍ ሰው አለ፤ ታንኳው ከውሃው ጋር እኩል ነው። የገዳማቱ ደሴቶች ማረፊያ አለ። የሪች ፓሴጅ ሀብታም ጠበቃ አቆመ፣ ተሰማም። የታንኳው ሰው ማን ያቆማል? ለእሱ ቀድሞ ማሰብ ያለብን እኛ ነን።

ደግሞ እንቦጭ። ዋተር ጄት ከሥር ውሃ ይስባል ብዬ ለልጁ ጽፌአለሁ። ውሃ ብቻ አይደለም የሚስበው። ፑጀት ሳውንድ ላይ ተንሳፋፊ ግንድና ቁርጥራጭ እንጨት ያስቸግራቸዋል። እንቦጭ የተኛበት ላይ ዋተር ጄት ይዘህ ብትገባ መሳቢያው ይታፈናል፤ እየቆምክ ስታጸዳ ትውላለህ። ፕሮፔለርም ቢሆን ይጠመጠምበታል፤ ይሄን አንተ በየቀኑ ታየዋለህ።

ስለ ማጓጓዙ፣ ካታማራን ሰፊ ናት። ጣናነሽ 2 የመጣችበትን መንገድ አስብና ከእሷ የሰፋ ነገር እለፍበት። ደግነቱ አልሙኒየም ሥራ ስለሆነች ሁለቱን አካል ለየብቻ አምጥቶ እዚያው ዳር ላይ መበየድ ይቻላል። ያ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ አልሙኒየም የሚበይድ ባለሙያ እንዲያድግ ያደርጋል። እኔ ከጀልባዋ እኩል የምጓጓው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መልሴ «ትሆናለች፣ ግን በልኳ የተሠራች፣ ከዚያችኛዋ የቀለለችና የዘገየች» ነው። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የግድ አይደለም። ሞገዷ ትንሽ የሆነ፣ ነዳጅ የማትበላ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ የምትሄድ ባለ ሁለት አካል ጀልባ ለጣና ከበቂ በላይ ናት ብዬ አምናለሁ። ጎርጎራ ከሰዓት በፊት ደርሰህ ማታ ትመለሳለህ።

አንተ አሁኑኑ ልትጀምረው የምትችለው ሥራ አለ። ዘጌ ላይ ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ አንድ እንጨት ላይ ሜትሩን ምልክት አድርግና ጥልቀቱን ለካ። መስከረም ላይ ውሃው ሲሞላ አንድ ጊዜ፣ ግንቦት ላይ ሲጎድል አንድ ጊዜ። ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ ላይ ቆመህ ዳርቻውን ፎቶ አንሳ፤ ደንገሉ የት ድረስ እንደሚደርስ እንዲታይ። ጓደኞችህም በየማረፊያቸው እንዲሁ ያድርጉ። ቀኑን ከጀርባው ጻፉበት። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ላክልኝ፤ እዚሁ ገጽ ላይ አወጣቸዋለሁ።